አሮጌ የመኪና ዕቃ በኢንተርኔት ጨረታ መነገድ ለምትፈልጉ ልጆቼ

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን ስልኬ እረፍት አጥቷል፣ ግማሹ ከአዲስ አበባ ግማሹ ከዚሁ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ይደውላል፣ "ጋሼ፣ የድሮ ቮልስ ዕቃ በኢቤይ ጨረታ እየገዙ ይሸጣሉ ሲሉ ሰማሁ፣ እኔም ልጀምር አስቤ ነበር፣ ያዋጣል ወይ?" ነው ሁሉም የሚለኝ። ያዋጣል። ግን ከደወሉልኝ ሁሉ ስለ ዕቃው የጠየቀችኝ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ ሌላው የጠየቀኝ ስለ ትርፉ ነው፣ እና ለሷ ስነግራት ያመሸሁትን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ይሄን ሥራ የለመድኩት ኮምፒውተር ላይ አይደለም፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴ አቀባይ ሆኜ ነው። ያኔ ዕቃ ሲጠፋ አለቃዬ ሶማሌ ተራ ይልከኛል፣ ሲልከኝ ደሞ ሁሌ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚለኝ፣ መጀመሪያ አንሳው፣ በእጅህ መዝነው፣ በብረት መታ መታ አድርገህ ድምፁን ስማው፣ የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይሞታል፣ በጥፍርህ ዳብሰው፣ ዋጋ የምትጠይቀው ከዛ በኋላ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ታክሲ ነዳሁ፣ መጨረሻ ላይ ግን እጄ ወደሚያውቀው ሥራ ተመለሰ። እና የኢንተርኔት ጨረታ ውስጥ ስገባ የገባኝ ትልቁ ነገር ምንድነው፣ እዛ ገዢው እጅ የለውም። ያለው ዓይን ነው፣ እሱም ሻጩ ባሳየው በኩል ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ስትሸጡ የገዢው እጅ እናንተ ናችሁ፣ ስትገዙ ደሞ ሻጩን እየጠየቃችሁ የሱን እጅ ማዘዝ አለባችሁ።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የቮልስ ባለ 1600 ሲሲ ሞተር ብሎክ ጨረታ ላይ አየሁ። ፎቶው 12 ነው፣ ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ ሻጩም "በጣም ንጹህ" ብሎ ጽፎበታል። ቮልስ የሚያውቅ ሰው ቶሎ የሚፈልገው ከ3ኛው ሲሊንደር ጀርባ ያለውን ቦታ ነው፣ ለምን መሰላችሁ፣ በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው ነፋሱ ወደ 3ኛው ሲሊንደር በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው፣ ስለዚህ 3ኛው ከሌሎቹ በላይ ይግላል፣ ፋብሪካውም በ1971 ሞዴል ላይ ነው ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ ዞር ያደረገው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍላችሁ)። ብሎኩ የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ግን ሙቀትና ዕድሜ ሲደራረብበት እዛችው ጋ ይሰነጠቃል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ እኮ። 12ቱንም ፎቶ አገላብጬ አየሁ፣ ያቺን ቦታ የሚያሳይ አንድም የለም። ጨረታው ሊዘጋ ጥቂት ሰዓት ቀርቶታል፣ ብጠይቀው እስኪመልስልኝ ያመልጠኛል ብዬ ገዛሁት።

ዕቃው ሲመጣ አለቃዬ ያስተማረኝን አደረግኩ። በጨርቅ ነጭ ጋዝ ቀባሁት፣ ትንሽ ቆይቼ ጥርግ አድርጌ አደረቅኩት፣ ከዛ ጠመኔ ፈጭቼ ነሰነስኩበት። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔውን ያረጥበዋል። አምስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም፣ ከ3ኛው ሲሊንደር ጀርባ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ብቅ አለች፣ እያየኋት ደሞ ረዘመች፣ የጣቴን አንድ አንጓ አከለች። ዕቃው እንደተገለጸው ሆኖ ካልተገኘ ገንዘብ የሚመለስበት የኢቤይ ዋስትና ስላለ ብሬን አስመለስኩ፣ ግን ሞተሩ ይደርስልኛል ብሎ መኪናውን ጋራዤ ያቆመው ደንበኛ ሌላ ሁለት ወር ጠበቀ፣ እሱ እስካሁን ይቆጨኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። ከዛ ወዲህ ፎቶው ላይ ያላየሁትን ቦታ አንስቶ ካልላከልኝ ሰው አልገዛም፣ የፈለገ ቢረክስ። ሐቀኛ ሻጭ ስትጠይቁት ደስ ይለዋል፣ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው እንደመጣ ይገባዋል። የሚቆጣችሁን ተዉት።

ስትሸጡም እንደዛው። ጉድለቱን መጀመሪያ አንሱት፣ ከዛ ቆንጆ ቆንጆውን። ዝገት ካለ ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጡና መጠኑ ይታይ። ብዙ ልጆች "ጋሼ ጉድለቱን ካሳየሁ ማን ይገዛኛል" ይሉኛል። ኢቤይ በ1995 ሲጀመር መሥራቹ ጨረታ ላይ ያወጣው የመጀመሪያው ዕቃ የተበላሸ ሌዘር ፖይንተር ነበር፣ መበላሸቱን ጽፎ ነው ያወጣው፣ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ፣ ገዢውን ቢጠይቀው የተበላሹትን ነው የምሰበስበው አለው። በኛ ሥራ ደሞ ከተሰበረ ዲስትሪቢዩተር (ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ውስጥ አንዲት ዕቃ የሚፈልግ ሰው ሁሌ አለ፣ መሰበሩን ካወቀ ይከፍላል፣ ሳያውቅ ከገዛ ግን ሁለተኛ አይመጣም፣ ለጓደኞቹም ይነግራል።

አሁን የራሴን ጥፋት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ደንበኛ "የ1967 ቮልስ ነው ያለኝ፣ ዲናሞ ፈልግልኝ" አለኝ። እኔ እዚህ ስኖር የለመድኩት የአሜሪካን ነው፣ ለአሜሪካ ገበያ የወጣው የ1967 ሞዴል ባለ 12 ቮልት ነው፣ ስለዚህ ባለ 12 ገዝቼ ወደ ሀገር ቤት በሚሄድ ሰው ላክሁለት። ሰውዬው የራሱን ልብስ ቀንሶ ነው በ23 ኪሎው ሻንጣ ውስጥ ቦታ የሰጠልኝ። ሲደርስ የደንበኛዬ መኪና በአውሮፓ በኩል የገባ ባለ 1200 ሲሲ ሆኖ ተገኘ፣ እነዛ ደሞ ከዚያም በኋላ ባለ 6 ቮልት ሆነው ይወጡ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዓመቱን ጠየቅኩ እንጂ መኪናውን አልጠየቅኩም። ትክክለኛውን በራሴ ወጪ ገዝቼ ላክሁለት። አሁን ማንም ዕቃ ሲያዘኝ መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን አንስቶ መሃል ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ፎቶ እንዲልክልኝ ነው የምጠይቀው፣ ከዛ ደሞ የባትሪውን፣ የቸርኬውን። ቸርኬ ስል፣ እዚህ አሜሪካ የወጡት እስከ 1967 ባለ 5 ብሎን ናቸው ከ1968 ወዲህ ባለ 4፣ የፍሬን ከበሮውም አብሮ ይለያያል፣ ይሄን ሳያዩ የሚገዙ ልጆች አሉ፣ የፍሬን ከበሮ ደሞ ከባድ ነው፣ ለመመለስ የምትከፍሉት የፖስታ ሂሳብ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

የዕቃ ቁጥር ማንበብ ተማሩ። እንደ ፊደል ነው፣ አንዴ ከያዛችሁት አትረሱትም። የቮልስ ቁጥር በሦስት በሦስት ተከፍሎ 9 ቁጥር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መኪናውን ይነግሯችኋል፣ 111 ወይ 113 ከሆነ የቮልስ ነው፣ 211 ከሆነ የኮምቢ (የዛው ፋብሪካ ሚኒባስ)፣ ከዛ የመካከለኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ያለችው አንዷ ቁጥር ዕቃው ከየትኛው የመኪናው ክፍል እንደሆነ ትነግራችኋለች፣ 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት አክስል፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። ስለዚህ ሻጩ "የቮልስ ፍሬን ዕቃ" ብሎ ጽፎ ቁጥሩ 211 ብሎ ከጀመረ ቆም በሉና ጠይቁ፣ አንዳንዱ ዕቃ ለሁለቱም ይሆናል አንዳንዱ አይሆንም። ብዙ ሰው ዕቃውን ሳያውቅ ከሞተ ዘመድ ጋራዥ አውጥቶ ነው የሚሸጠው፣ ሊያታልላችሁ አይደለም፣ አያውቅም። እውቀታችሁ ገንዘብ የሚሆነውም እዛ ጋ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲሉ የነበሩት አባቶቻችን፣ አባባላቸው ለዚህም ይሠራል።

ደሞ ቃሉን እወቁ። እኛ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ እያልን ነው ያደግነው፣ ከጣሊያን የወረስነው ነው፣ አሜሪካኖቹ ግን ማርሚታን ማፍለር፣ ፓራፋንጎን (ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ) ፌንደር ይላሉ፣ ጀርመኖቹ ደሞ ሌላ። ቮልሱን ራሱን ጀርመኖች ኬፈር ነው የሚሉት፣ ካርብራተርን ፌርጋዘር፣ ፓራፋንጎን ኮትፍሉገል። የጀርመኑ ኢቤይ ላይ በእንግሊዝኛ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ሁሉም ያየውን ነው። በሻጩ ቋንቋ ስትፈልጉ፣ ስሙን አሳስቶ የጻፈውንም ጭምር እያሰባችሁ ስትፈልጉ፣ ሌላ ሰው ያላየውን ታገኛላችሁ። ጀርመን የምትኖሩ ልጆች ይሄ ለናንተ ትልቅ ነገር ነው።

"ሬር" (ብርቅ) የሚለውን ቃል አትመኑት። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ነው የተሠራው፣ መጨረሻው የወጣውም ሜክሲኮ ፑዌብላ በ2003 ነው፣ ስለዚህ ብርቅ ያልሆነው ዕቃ ይበዛል። ዋጋ ለማወቅ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ፣ ጨረታው ቤት ራሱ የተሸጡትን ለይቶ ያሳያችኋል። የጠየቀማ ሰው የፈለገውን መጠየቅ ይችላል።

ቢድ ስታደርጉ (ዋጋ ስታስገቡ) የጨረታውን አሠራር እወቁ። ጣሪያችሁን ብላችሁ 120 ዶላር ብታስገቡ ሲስተሙ 120 አያስከፍላችሁም፣ ከናንተ ቀጥሎ ያለው ሰው ጣሪያው 80 ከሆነ እናንተ በ81 ነው የምትወስዱት። ስለዚህ ጣሪያችሁን ቀን ላይ በተረጋጋ ልብ ወስኑ፣ ፖስታውንና ቀረጡን ቀንሳችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ አንዴ አስገቡና ሂዱ። እኔ ያየሁት ገንዘብ የሚጠፋው ማታ ላይ ነው፣ ሰው ስልኩን ይዞ ተቀምጦ አንድ አንድ ዶላር ሲጨምር፣ ከማያውቀው ሰው ጋር እልህ ይጋባል፣ ዕቃውን ይረሳና ማሸነፉን ብቻ ይፈልጋል። ደሞ ጨረታው እያለ "ከሲስተሙ ውጪ ገንዘቡን በቀጥታ ላክልኝና በርካሽ ልስጥህ" የሚላችሁን አትስሙ፣ ያቺ ዋስትና ያልኳችሁ የምትሠራው ውስጥ ለተከፈለ ብቻ ነው።

መላክ ላይ ብዙ ልጅ ይከስራል። ፓራፋንጎ ቀላል ነው፣ ካርቶኑ ግን ትልቅ ነው፣ የፖስታ ድርጅቶቹ ደሞ በክብደት ብቻ አያስከፍሉም፣ በስፋቱም ያሰላሉ። 40 በ24 በ16 ኢንች የሆነ ካርቶን ሲባዛ 15,360 ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚካፈለው ለ139 ነው፣ ስለዚህ ወደ 111 ፓውንድ ሆኖ ይቆጠርባችኋል፣ ውስጡ ያለው ላሜራ የዛን አንድ አስረኛ ላይሞላ ይችላል። ይሄን ከመሸጣችሁ በፊት አስሉት።

ወደ ኢትዮጵያ በሻንጣ የምትልኩ፣ ይሄን እለምናችኋለሁ፣ ቤንዚን የነካው ካርብራተርም ሆነ የቤንዚን ፓምፕ ለተጓዥ እንዳትሰጡ። አጥበነዋል ብትሉም ሽታው ይቀራል፣ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው፣ አደጋም አለው፣ ኤርፖርት ላይ የሚቆመው ደሞ እናንተን አምና የተሸከመችው እናት ናት። ሳጥኑ ውስጥ ያለ አዲስ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ እሱንም ምን እንደሆነ ለተሸካሚዋ ከፍታችሁ አሳዩዋት፣ ደረሰኙን አብራችሁ ስጧት። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ያለውን መኪና ይዞ ለመቆየት የሚፈልገው ሰው በዝቷል፣ ልመናውም ይበዛባችኋል፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ዕቃው መጓዝ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ።

እኔ ጋ ለምትጽፉ፣ ፎቶ ስትልኩልኝ ቁጥሩ የተመታበትን ጎን በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ ከቅርብ አንሱልኝ። ሞተር ብሎክ ከሆነ ደሞ ከ3ኛው ሲሊንደር ጀርባ ሁለት ፎቶ፣ አንዱን ጠመኔውን ከነሰነሳችሁ በኋላ።