ስንጥቁ ስላልሰፋ

ሰሞኑን የመሬት መንሸራተት በሚያሰጋው ደብረ ሲና አካባቢ የተመደበ አንድ ወጣት የሥነ ምድር ባለሙያ «ተዳፋቱ ላይ በታየው ስንጥቅ ግራና ቀኝ ችካል ተክዬ ሳምንት ሙሉ ለካሁ፤ አልሰፋም። ናዳ ፈርተው የወጡት ሰዎች ወደ ቤታቸው ይመለሱ ልበል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። መልሱን ለሁላችሁም ወጣት ባለሙያዎች ብጽፈው ይሻላል።

እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ከጣርማ በር ቁልቁል ባለች አንዲት መንደር ይህንኑ አድርጌያለሁ። ነሐሴ ማብቂያ ነበር። ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌራችን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው።

ስንጥቁ ከአንዲት እናት ማሳ ዳር ነበር፤ አውራ ጣት ያስገባል። ችካል ተከልኩ፣ በሜትር ለካሁ፤ በአራት ቀን አንዲት ሚሊ ሜትር አልጨመረም። እማማ እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። በሩ ከመቃኑ አልገጥም ስላላቸው ሁለት ጊዜ በመጥረቢያ ጠርበውታል፤ ፍቅፋቂው ደጃፉ ላይ ገና ነጭ ነበር። «ምንጩም ደፍርሷል ልጄ» አሉኝ። እንጨቱ በክረምቱ እርጥበት አብጦ ነው አልኳቸው። ዝናቡም አባርቶ ነበርና ለመንደሩ ሰው «አይዟችሁ፣ መሬቱ ቆሟል» ብዬ ተመለስኩ።

መስከረም በገባ በሳምንቱ ተዳፋቱ በሌሊት ተናደ። እማማ አላመኑኝም ነበርና ልጃቸው ዘንድ አድረው ተረፉ። ጎረቤታቸው ግን አመነኝ። ሁለት በሬዎቹ በጋጣቸው ተቀበሩ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ እግሩ ተሰበረ። ሄጄ ሳገኘው አልተቆጣኝም። «የተማረ ሰው ነው ብዬ እኮ ነው» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሁለቱንም ችካል የተከልኩት በሚንሸራተተው መሬት ላይ ነበር። ዋናው ስንጥቅ ሃምሳ ሜትር ያህል ሽቅብ፣ ሣር ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ችካሎቹ አብረው እየተጓዙ በመካከላቸው ያለው ርቀት በምን ይሰፋል? የእማማ በር አልገጥም ያለው ቤቱ ከመሬቱ ጋር እየተጣመመ፣ ምንጩም የደፈረሰው ከሥር አፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ዝናብ አባራ ማለትም ውኃው አለቀ ማለት አይደለም። በተሰነጣጠቀው ዐለት ሰርጎ ከሥሩ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ የሚያለሰልሰው ዘግይቶ ነው። በ1998 ዓ.ም. እዚያው ደብረ ሲና አካባቢ ይዛባና ሾተል አምባ ላይ መሬቱ የተንሸራተተው በመስከረም ነው።

ዛሬ የሳተላይት ምስል በስልካችሁ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ ጫማችሁ ግን ጭቃ አልነካውም። ይህ ያሳስበኛል። ባላገሩን ስሙ። ቢሆንም እማማ ራሳቸው ከትልቁ ዐለት ሥር ያለው ቦታ አይነካም ብለውኝ ነበር፤ መጀመሪያ የሄደው እሱ ነው።

አንዴ ከተናደ በኋላ ወገኑን ለማውጣት የሚሮጠውን ሰው መያዝ ከሁሉ ይከብዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ ካለቁት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የደረሱ ነበሩ። ተዳፋቱን ሽቅብ እያየ ዳግም ናዳ ሲመጣ የሚጮህ ሰው ሳታቆሙ አታስቆፍሩ።

አንተ ልጄ፣ ሰዎቹን አትመልሳቸው። ነገ በማለዳ ችካሉን ትተህ ሽቅብ ውጣ፤ ሣሩን በእጅህ እየገለጥክ ሂድ። ስትመለስ የየቤቱን በር ክፈትና ዝጋ፤ ምንጩንም እይ። ከዚያ ደውልልኝ፤ ቢመሽም እጠብቃለሁ።