ለእናትሽ የምትልኪው ማጫወቻ ባለ ከለር ስክሪን ይሁን?

እህቴ፣ «ለእናቴ መዝሙር መስሚያ ትንሽዬ ኤምፒስሪ ልልክላት ነው፤ ባለ ከለር ስክሪኑ ይጠቅማል ወይስ ብር ማባከን ነው?» ብለሻል። በዚሁ ጉዳይ ሦስት ማጫወቻ ገዝቻለሁና ልንገርሽ። «ጆሮ ከለር አያይም» እያሉ የሚቀልዱትን ተያቸው። እኔም እንደነሱ ነበርኩ። አፕል በፈረንጆቹ 2004 አይፖድ የሚባለውን ማጫወቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ከለር አድርጎ በ499 ዶላር ሲያወጣ ስቄ ያለፍኩ ሰው ነኝ።

1. መጀመሪያ እናትሽ መዝሙሩን በምን እንደምትመርጥ አስቢ። እኔ መጀመሪያ የላክሁት ከለር የሌለውን ነበር። ቀላል ነው፣ ባትሪውም ይቆያል። እዚህ ቨርጂኒያ ቁጭ ብዬ የእያንዳንዱን መዝሙር ርዕስ በአማርኛ ጻፍኩ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ኮምፒውተሬ ላይ አምሮ ስለታየኝ ማጫወቻው ላይ ሳላየው ላክሁት። ለካ ማጫወቻው የአማርኛ ፊደል የለውም! ደሴ ሲደርስ ርዕሱ ሁሉ ሣጥን በሣጥን ሆኖ ቁጭ። እማዬ በስልክ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጥርሱን ብቻ ነው የሚያሳየኝ» አለችኝ።

2. ርካሽ ባለ ከለር እንዳትገዢ። ሚሞሪው 16 ጊጋ ነው ተብዬ በ20 ዶላር ገዛሁ፣ ከኛው ሰው ሱቅ። መዝሙሩ ሁሉ ያለችግር ተገለበጠ። እማዬ ጋ ሲደርስ ግን ከተወሰነ መዝሙር በኋላ ዝም። እንዲህ ያለው ሚሞሪ ውስጡ 2 ጊጋ ሆኖ 16 ነኝ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ነው። ከ2 ያለፈውን የተቀበለ መስሎ ይጥለዋል። ደረሰኜን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ዕቃውን አምጣ» አለ። ደሴ ነው ስለው «ታዲያ ደሴ ሄደህ አምጣዋ!» 20 ዶላሩን ረስቼዋለሁ፣ ያቺን ንግግር ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። አንቺ ከመላክሽ በፊት እስኪሞላ ጫኚና የመጨረሻውን ፋይል ከፍተሽ ስሚ።

3. ከለሩ የጠቀመኝ በሦስተኛው ነው። ርዕሱን ተውኩና እያንዳንዱ መዝሙር ውስጥ ሥዕል አስገባሁ። ለበገናው የበገና ፎቶ፣ ለእመቤታችን መዝሙር ሥዕለ ማርያም። መጀመሪያ አልታይ ብሎኝ ልጥለው ነበር። ችግሩ ሥዕሉ ፕሮግረሲቭ የሚሉት ዓይነት ጄፔግ (የፎቶ ፋይል) መሆኑ ነው፣ ብዙ ማጫወቻ አያነበውም። በተለመደው ጄፔግ 300 በ300 ፒክስል አሳንሼ ሳስቀምጠው ታየ። አሁን እማዬ ማንንም አትጠይቅም። «ያቺን ቀይ ጥለት የለበሰችዋን» ትልና ራሷ ትከፍታለች። ለጎረቤትም ታሳያለች፣ ልጄ ነው የሠራው እያለች። (እኔም አላስተባበልኩም።)

እንከን የለውም አልልሽም። ደጃፍ ፀሐይ ላይ ስንዴ ስትለቅም ስክሪኑ አይታያትም፣ በነጠላዋ ከልላ ነው የምታየው። ባትሪ የሚጨርሰው ደግሞ ከለሩ ሳይሆን ከጀርባው ያለው መብራት ነው። በ15 ሰከንድ እንዲጠፋ አድርጊው። መዝሙሩ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

የቻርጅ ገመዱን ሁለት አድርገሽ ላኪ። የእኛን አንዱን የእህቴ ልጅ ለስልኩ ወስዶታል።