ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዝናብ ላይ ለምን ይንሸራተታል?

ጥያቄ፦ «ያገለገለ 125 ሲሲ ሞተር ገዝቻለሁ። ደረቅ መንገድ ላይ ምንም አይለውም። ሲዘንብ ግን ከ3ኛ ወደ 2ኛ ማርሽ ስቀንስ፣ ወይም የኋላ ፍሬን ነካ ሳደርግ፣ ቀጥ ባለ መንገድም ቢሆን ኋላው ወደ ጎን ይሄድብኛል። የጎማው ጥርስ አላለቀም። መካኒኩ የፍሬን ሸራ ሁለቴ ቀየረልኝ፤ ‹መንገድ ይይዝልሃል› ብሎም የኋላውን አየር ቀነሰው። ለውጥ የለም።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ በማርሽ ብቻም የሚንሸራተት ከሆነ ሸራው ምን አጠፋ? እኔ የምጠረጥረው ጎማውን ነው። አላለቀም፣ ግን ደርቋል።

የጎማው ጎን ላይ ከዲ-ኦ-ቲ ፊደላት የሚጀምረውን መስመር ፈልገህ የመጨረሻዎቹን 4 ቁጥሮች አንብብ። 1416 ካለ በፈረንጆቹ 2016፣ በ14ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። በአንዱ ጎን ካጣኸው ሌላውን እይ። 10 ዓመት የሞላው ጎማ ምንም ቢያምር ይጣላል፤ 5 ካለፈው ደግሞ በጥርጣሬ ነው የሚታየው። ቀጥለህ መሃሉን በጥፍርህ ተጫን። ጥፍርህ ጭራሽ ካልገባ፣ በጥርሶቹ ሥርም ፀጉር የሚያካክል ስንጥቅ ካየህ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። እስኪቀየር ድረስ ዝናብ ላይ አትንዳው።

ብዙ ሰው መንገድ የሚይዘው ጥርሱ ይመስለዋል። የጥርሱ ሥራ ውሃ ማስወጣት ነው፤ የሚይዘው ላስቲኩ ነው። አስፋልት ልሙጥ ቢመስልም ላዩ ጥቃቅን ጠጠር ነው። ለስላሳ ላስቲክ ክብደት ሲያርፍበት በጠጠሮቹ መሃል እየገባ ይነክሳል። መንገዱ ደረቅ ሲሆን ከዚህ ሌላ ላስቲኩ ከድንጋዩ ጋር መጣበቅም አለው፤ የደረቀ ጎማ በበጋ ጉዱን የሚሸሽገው በዚህ ነው። ውሃ መሃል ሲገባ መጣበቁ ይጠፋና ንክሻው ብቻ ይቀራል። የደረቀ ላስቲክ ደግሞ አይነክስም፣ በጠጠሩ አናት ላይ ይንሸራተታል። ቅዝቃዜው ይበልጥ ያጠነክረዋል። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ መንገድ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ይላቆጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉም የሚከፉት ለዚህ ነው። ማርሽ ስትቀንስ ሞተሩ የኋላውን ጎማ ይጎትተዋል፤ እንዲህ ያለውን ጎማ ለማሳት ያቺ ትንሽ ጉልበት ትበቃለች።

አየር መቀነስ ለአሸዋ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ የላላ ጎማ መሃሉ ይነሳል፣ ጥርሱም ስለሚጨፈለቅ ውሃው መውጫ ያጣል። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይተህ ጎማው ሳይሞቅ ሙላው።

በሰንሰለቱ በኩል ያለውን የጎማውን ጠርዝም ዳብሰው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሰንሰለት ላይ የሚያንቆረቁር መካኒክ ሞልቷል፤ ዘይቱ እየተረጨ ጎማው ላይ ያርፋል። ካለ በሳሙናና ውሃ እጠበው፣ በናፍጣ አይሆንም። ጎማ ማብረቂያ የሚባለውንም አታስቀባ።

ስትገዛ «ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል» በሚል ርካሽ ጎማ አትታለል። ቶሎ የማያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ነው፣ ገና ከፋብሪካው ሲወጣ የአንተን ይመስላል። የምርት ቀኑን ሳታይ አትክፈል። ከመነዳሪ ያለው ከሆነ እሱንም አብረህ ቀይር። ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይሁን፤ ማስገቢያው የሳሙና ውሃ እንጂ ግራሶ አይደለም። ሰንሰለቱን ስትመልስ በግራና በቀኝ ማስተካከያዎቹ ላይ ያሉት ምልክቶች እኩል ይሁኑ፤ መሃሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይርገብ፣ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካላለ። ታምቡሩ ተከፍቶ ሳለ የሸራውን ፊት እየው። ርካሹ ሸራ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ በሻካራ ወረቀት ፈትገው፣ ከብረቱ መላቀቅ ከጀመረ ግን ጣለው።

የፊቱንም ቀን አንብብ። የኋላው ሲስት አንዳንዴ ይመለሳል፣ የፊቱ ሲስት ግን መሬት ላይ ነህ። ሁለቱም የደረቁ ከሆነ፣ ደግሜ ልንገርህ፣ ሳይቀየሩ ዝናብ ላይ አትውጣ። አዲሱም ላዩ ያሟልጫል፤ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር በደረቅ መንገድ፣ ሳታጋድልና ፍሬን ሳትደፍቅ ንዳው።