አምስት ቀጠና፣ አስር ቀለም፦ ካርታ ላይ ያሉ ነጥቦችን በአማርኛ መግለጽ

ጥያቄ፦ የግብርና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ የሰበሰብኩባቸውን ቦታዎች በኬክሮስና በኬንትሮሳቸው ካርታ ላይ በነጥብ አስቀምጫለሁ። ነጥቦቹን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብዬ በቀለም ልለያቸው ፈልጌ ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንደኛ፣ ቀጠናዎቹ አምስት ሆነው ሳለ ካርታው ላይ አስር ቀለም ወጣብኝ። የፕሮግራሙ ችግር ነው ስል አንድ ጓደኛዬ «የአማርኛሽ ችግር ነው» አለኝ። ሁለተኛ፣ ከካርታው ሥር «ነጥቦቹ በምድብ ዋጋ መሠረት ቀለም ተቀብተዋል» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ አስምረውበት «ይስተካከል» ብለው መለሱልኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? ከሠንጠረዡ የተወሰኑ ረድፎች ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ ረድፎቹን አየኋቸው። ፕሮግራሙ ምንም አላጠፋም። ጓደኛዎም አልተሳሳተም፤ ችግሩ ከአጻጻፍ ነው የመጣው። ደስ የሚለው ነገር፣ ሳይውል ሳያድር የሚስተካከል ነው።

ቀጠና የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሳየው ይህን አገኘሁ። አንድ ቦታ ላይ «ወይና ደጋ» ተብሏል፣ ሌላ ቦታ «ወይናደጋ» ተገጥሞ ተጽፏል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «ወይነ ደጋ» በግእዝ አካሄድ ገብቷል። ሦስት ሆነ ማለት ነው። «ውርጭ» በሳድሱ «ው» ተጽፎ፣ ጥቂት ረድፍ ዝቅ ብሎ «ዉርጭ» በካዕቡ «ዉ» መጥቷል። «በረሃ»ም እንደዚያው፤ «በረሀ» የሚል አብሮት አለ። «ቆላ» አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱን በደንብ ጠብቀውታል። «ደጋ» ለዓይን አንድ ይመስላል። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ላይ ከ«ጋ» በኋላ አንድ ትርፍ ባዶ ቦታ ተጨምሯል። ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። አስሩ ቀለም ከዚህ መጣ።

እኛ ስናነብ «ውርጭ»ንም «ዉርጭ»ንም አንድ አድርገን ነው የምናነበው። ጆሯችን ልዩነት አይሰማም፤ አእምሯችንም ሳናውቀው ያርመዋል። ኮምፒውተር ግን ጆሮ የለውም። የፊደላችን ሆሄያት በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አግኝቷል። «ው» አንድ ቁጥር ነው፣ «ዉ» ሌላ ቁጥር ነው። «ሀ» እና «ሃ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ባዶ ቦታም ቁጥር አለው። ስለዚህ በምድብ ቀለም ስጥ የተባለ ፕሮግራም፣ ኪውጂአይኤስም ይሁን ፓይተን ወይም አር፣ በቁጥር ቅደም ተከተሉ አንድ ያልሆነውን ቃል ሁሉ ሌላ ምድብ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚያ አዲስ ቀለም ያነሳለታል።

ሞክሼ ሆሄያት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። እዚህ አልገባበትም። ለእርስዎ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ውሳኔ ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀጠና አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው እሱን መያዝ። የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ፦ «በረሃ»፣ «ቆላ»፣ «ወይና ደጋ» (ለያይተው)፣ «ደጋ»፣ «ውርጭ»። የዛሬው ኅትመት በብዛት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። «ወይነ ደጋ» ስሕተት አይደለም፤ የግእዝ ዘርፍ አያያዝ ነው። «ቈላ» ብለው የሚጽፉ የቆየ አጻጻፍ ጠባቂዎችም አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ከመረጡ ግን ከዳር እስከ ዳር ይምረጡ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅ ነው ጉዳቱ።

ቀለም ከመስጠትዎ በፊት ዓምዱን በፊደል ተራ ደርድረው ይዩት። ወይም ፕሮግራሙ በዓምዱ ውስጥ ያሉትን የተለያዩ ቃላት ብቻ እንዲዘረዝርልዎ ያድርጉ። አምስት ካልመጡ መቀላቀል አለ ማለት ነው። በ«ፈልግና ተካ» ይስተካከላል። ትርፉን ባዶ ቦታ ማጥፋትም አይርሱ፤ እሱ በዓይን ስለማይታይ ሰው የሚያደክመው እሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። አማካሪዎ ያሰመሩበት ዓረፍተ ነገር ሦስት ቦታ ላይ ያነክሳል።

መጀመሪያ «ዋጋ»። የሒሳብ መጻሕፍት «የኤክስ ዋጋ» ይላሉ። ትክክል ነው፤ ቁጥር ስለሆነ። ቆላና ደጋ ግን ቁጥር አይደሉም፣ ስም ናቸው። «የምድብ ዋጋ» ሲባል አንባቢ ገበያ ነው ትዝ የሚለው፤ በተለይ በግብርና ጽሑፍ ውስጥ። ቃሉን አውጥተው ቢጥሉት ምንም አይጎድልም።

ቀጥሎ «ተቀብተዋል»። ግድግዳ ይቀባል፣ ፀጉር ቅቤ ይቀባል። ነጥብም ይቀባል ቢባል ሰው ይገባዋል። ግን ቀለሙን የሰጡት ለማሳመር አይደለም፤ ለመለየት ነው። ስለዚህ «በቀለም ተለይተዋል» ይበሉ። ግሱ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። «በምድብ መሠረት» የሚለው ቦታ ላይ አማርኛ የራሱ የሆነ በጣም ቆንጆ መሣሪያ አለው፤ «እንደየ»። ይህን ትንሽ ቃል በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ባጣሁት ቁጥር ይቆጨኛል፤ የምንፈልገውን በትክክል የሚለው እሱ ነውና።

እስቲ እነዚህን ያወዳድሩ። «ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ገቡ።» አንድ ቤተሰብ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉም አንድ ቤት ሊገቡ ይችላሉ። «ሰዎቹ ወደየቤታቸው ገቡ።» አሁን ጥርጥር የለም፤ እያንዳንዱ የራሱ ቤት ገባ። «ወደ» ላይ የተጨመረችው «የ» ነገሩን ለእያንዳንዱ አከፋፈለችው። በየተራ፣ በየፊናው፣ ከየአቅጣጫው፣ ለየራሳቸው፣ እንደየአቅሙ ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው። ቀኑን ሙሉ እንጠቀምበታለን። ወደ ጽሑፍ ስንመጣ ግን «መሠረት በማድረግ» እና «አንጻር» የሚሉ ከባድ ቃላት አምጥተን እንጭንበታለን።

ወደ ካርታዎ ሲመጣም ያው ነው። «ነጥቦቹ በቀጠናቸው በቀለም ተለይተዋል» ቢሉ፣ «ቀጠናቸው ውስጥ» ማለትዎ ይሁን «በቀጠናቸው መሠረት» ማለትዎ አይለይም። «እንደ ቀጠናቸው» ቢሉ፣ ቀጠናው አንድ ይመስላል። «እንደየቀጠናቸው» ሲሉ ግን እያንዳንዱ ነጥብ የየራሱን ቀጠና አይቶ ቀለሙን ያዘ ማለት ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ነጥቡን ያነሳል፣ የቀጠናውን ስም ያያል፣ ለዚያ ስም የተመደበውን ቀለም ይሰጠዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። «እንደየ» ከሚቀጥለው ቃል ጋር ተገጥሞ ይጻፋል። «እንደ የቀጠናቸው» ብለው ቢለዩት «የ» የባለቤትነት «የ» ይሆናል፤ አንባቢም «የቀጠናቸው ምን?» ብሎ ይጠብቃል።

ስለ ቀለም ስሞች አልጠየቁኝም፤ ሠንጠረዥዎ ላይ «ቀያይ ነጥቦች»፣ «አረንጓዴዎች ነጥቦች» የሚል ስላየሁ ጥቂት ልጨምር። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር ሲበዙ ውስጣቸው ይደገማል፤ ቀያይ፣ ነጫጭ፣ ጥቋቁር። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ ይህን አይቀበሉም። «አረንጓዴዎች ነጥቦች» ደግሞ ብዙ ቁጥሩን ሁለቴ ያስቆጥራል፤ ስሙ «ነጥቦች» ብሎ ጨርሶታል። ስለዚህ ሁሉንም በነጠላ ይዘው «ቀይ ነጥቦች፣ አረንጓዴ ነጥቦች» ቢሉ ዓረፍተ ነገሩ ወጥ ይሆናል። ስሙ ሲቀር ብቻ «ቀዮቹ»፣ «አረንጓዴዎቹ» ይበሉ። ከብዙ መካከል መርጦ ለማውጣት ደግሞ አማርኛ ቃሉን ይደግመዋል። ቡና ሲለቀም «ቀይ ቀዩን ልቀሙ» ነው የሚባለው። እርስዎም «አረንጓዴ አረንጓዴውን ነጥብ ብቻ ብንመለከት» ቢሉ ያምራል።

ሐምራዊን ግን ባይጠቀሙ እመርጣለሁ። አንዱ ወይን ጠጅ መልክ ያለውን ሐምራዊ ይላል፣ ሌላው ሮዙን። ወይን ጠጅ የሚለውን ስም አንዱ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ይስበዋል። ሁለት ሰው የማይስማማበት ስም ቀለም ለመለየት አይሆንም። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች እንዳሉም ያስቡ። ጽሑፉ በጥቁርና ነጭ ከታተመ ደግሞ ሁላችንም እንቸገራለን። ቀለሙ ላይ ቅርጽ ቢጨምሩበት፣ ለምሳሌ ለደጋ ሦስት ማዕዘን፣ ለቆላ ክብ፣ ጥሩ ነው።

ቀለም ሲመርጡ የምድቦቹን ጠባይ ይዩ። ምድቦቹ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ ቢሆኑ ኖሮ ማንም ከማንም አይበልጥም፤ በጣም የሚራራቁ ቀለሞች ይሰጧቸዋል። የእርስዎ ቀጠናዎች ግን ደረጃ አላቸው። በተለምዶ በረሃ ከ500 ሜትር በታች፣ ቆላ ከ500 እስከ 1,500፣ ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300፣ ደጋ ከ2,300 እስከ 3,200፣ ውርጭ ከዚያ በላይ ነው። አንዳንዱ የወይና ደጋና የደጋን ወሰን 2,400 ላይ ያደርገዋል፤ የትኛውን እንደያዙ በካርታው መፍቻ ላይ ይጻፉት። እንዲህ ደረጃ ሲኖር አንዱን ቀለም ከፈዛዛ ወደ ደማቅ ማስኬድ ይቻላል። ለዚህም ቋንቋው ስስት የለበትም። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ደመቅ ያለ አረንጓዴ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። ቀይ ራሱ «ቀላ ያለ» ይሆናል፣ ነጭ «ነጣ ያለ»።

ከስም ይልቅ 1፣ 2፣ 3 ብለው ቀጠናዎቹን በቁጥር የሚመዘግቡ ሰዎችም አሉ። ዓምዱ በሙሉ ቁጥር ከሆነ ፕሮግራሙ እንደ መጠን ሊወስደውና ቀለሙን ቀስ በቀስ እያሸጋገረ ሊቀባው ይችላል። ስሙን ይጻፉለት።

የመጨረሻው ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። በቃል ስንናገር ኬክሮስን እናስቀድማለን፤ «9 ዲግሪ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ምሥራቅ» እንላለን። እርስዎም ሠንጠረዡን በዚሁ ተራ ሞልተዋል፤ ደግ አድርገዋል። ፕሮግራሙ ግን ብዙ ጊዜ አግድም ዘንጉን ነው የሚያስቀድመው፤ አግድሙ ደግሞ ኬንትሮስ ነው። ሁለቱን ሳያዩ በንግግር ተራቸው ከሰጡት ይገለበጣል። የአዲስ አበባ ኬክሮስ 9.03፣ ኬንትሮሱ 38.74 ገደማ ነው። ሲገለበጥ ነጥቡ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ይወድቃል። ስለዚህ የዓምዶቹን ስም «ኬክሮስ (ሰሜን)» እና «ኬንትሮስ (ምሥራቅ)» ብለው ሙሉውን ይጻፉ፤ «ኬ1» እና «ኬ2» የሚለው አሁን ያለው አጻጻፍ ከወር በኋላ እርስዎንም ያሳስትዎታል።

እንግዲህ ከካርታው ሥር እንዲህ ይጻፉ፦

«እንደየቀጠናቸው በቀለምና በቅርጽ የተለዩ የጥናት ቦታዎች።»

በመፍቻው ላይ ደግሞ ቀለሙና ቅርጹ ራሱ ስለሚታይ፣ ከጎኑ የቀጠናው ስምና የከፍታው ወሰን ብቻ ይቀመጥ፦ «ቆላ፣ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር»። ድሬዳዋ እዚህ ውስጥ ትገባለች፣ ባሕር ዳር ወይና ደጋ ውስጥ፣ ደብረ ብርሃን ደጋ ውስጥ፣ ሰመራ በረሃ ውስጥ። ካርታው ሲወጣ እነዚህን አራቱን ከተሞች መጀመሪያ ይፈልጓቸው። በየቦታቸውና በየቀለማቸው ካገኟቸው ለአማካሪዎ መላክ ይችላሉ።