የቲነሩን ሽታ ወዴት ላስወጣው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አነስተኛ የፈርኒቸር ቤት አለኝ። ቁምሳጥንና ቡፌ እንሠራለን። ቀለም የምንረጨው ከኋላ በኩል ነው። ጎረቤቶች “ሽታው ልጆቻችንን አሳመመ” እያሉ ስሞታ አበዙ። ትልቅ ፋን ገጠምኩ፤ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ጣራ ላይ የጭስ ማውጫ ቧንቧ ላቁም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቧንቧውን ለጊዜው ተወው። ሽታውን ከአንዱ ጎረቤት አንስቶ ለሌላው ነው የሚያደርሰው። ከጣራ በላይ የወጣውም አይጠፋም። የቲነር ትነትና የመኪና ጭስ ፀሐይ ላይ ሲገናኙ ኦዞን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። እኛ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለ ኦዞን ሳንባ ይጎዳል። መሀል አዲስ አበባ ደግሞ መኪናውም ፀሐዩም ሞልቷል። መጀመሪያ የሚተነውን እንቀንስ።

ቶሎ የሚደርቀውን የናይትሮ ቫርኒሽ በቲነር አቅጥነህ ስትረጭ አብዛኛው ተኖ ይሄዳል። ዕቃው ላይ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። በዚያ ላይ የተለመደው ስፕሬይ ከግማሽ በላዩን ጉም አድርጎ ይበትነዋል። ኤችቪኤልፒ የሚባለው፣ አየሩ ብዙ ግፊቱ ዝቅተኛ የሆነው፣ 65 በመቶ ያህሉን እንጨቱ ላይ ያሳርፋል። አፉ ላይ ግፊቱ ከ10 ፒኤስአይ አያልፍም። ከመግዛትህ በፊት ግን ኮምፕረሰርህን እይ፤ ብዙ አየር ስለሚበላ ትንሹ አይችለውም። የቫርኒሽ ወጪህም ይቀንስልሃል።

ከቻልክ በውሃ የሚሠራውን ቫርኒሽ ሞክር። የእንጨቱን ጭረት ስለሚያስነሳ ከመጀመሪያው ቅብ በኋላ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሳሳ አድርገህ እሸው። ክረምት ላይ መድረቂያው ይረዝማል፤ ለደንበኛ ቀን ስትቆርጥ ይህን አስብበት።

ክዳን! የፈርኒቸር ቤት ስገባ የሚያንገበግበኝ ክፍት የቲነር ባልዲ ነው። አሜሪካኖች በ1995 እ.ኤ.አ. ለትልልቅ የፈርኒቸር ፋብሪካዎች ሕግ ሲያወጡ የቀለምና የቲነር ዕቃ ተከድኖ እንዲቀመጥ አስገድደዋል። ይህ አንተ ዘንድ ምንም ወጪ የለውም። ስፕሬዩን ያጠብክበትን ቲነርም አትድፋው። ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ያለውን ቀድተህ ለሚቀጥለው እጥበት ተጠቀምበት። የነካካ ጨርቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይግባ።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር። የኤምዲኤፍና የቺፑድ ቁርጥራጭ ለእንጀራ መጋገሪያ ስጡን የሚሉ እናቶች ይመጣሉ። እባክህ አትስጣቸው። የተጣበቁበት ሙጫ ውስጥ ፎርማልዴሃይድ የሚባል የሚተን ኬሚካል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዴሃይድንም የእንጨት ብናኝንም ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። ለማገዶ የሚሰጠው ያልተቀባ ጣውላ ብቻ ነው። የኤምዲኤፍ ወይም የቺፑድ ሰሌዳ ስትገዛም ኢ1 (E1) የሚል፣ ፎርማልዴሃይዱ ዝቅተኛ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ያለበትን ጠይቅ። የቁምሳጥኑን ጠርዝ ሁሉ፣ ከግድግዳ ጋር የሚጋጠመውን ሳይቀር፣ በኤጅ (በጠርዝ ልጣፍ) ሸፍነው። የፎርማልዴሃይዱ ትነት በብዛት የሚወጣው ከተቆረጠው ጠርዝ ነው። ሰው መኝታ ቤቱ ነው የሚያስገባው።

ወደ ፋኑ ስንመለስ፣ የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ከፍ ብሎ የተገጠመ ፋን ወለል ላይ የተኛውን በደንብ አይስበውም። ዝቅ አድርገው፤ ሞተሩ ብልጭታ የማያወጣ ዓይነት ይሁን፣ አለዚያ እሳት ነው። ፊት ለፊቱም ጉሙን የሚይዝ ማጣሪያ አድርግ፣ ሲደፈን ቀይረው። ማጣሪያው ግን የቀለሙን ጤዛ እንጂ ሽታውን አይዝም። ለሚረጩት ልጆችም የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ የከሰል ካርትሪጅ (ትነት የሚይዝ ማጣሪያ) ያለውን ግዛላቸው። ማስኩን አድርገው ሽታ ከገባቸው ካርትሪጁ አልቋልና በዚያው ቀን ቀይርላቸው።