ከታች የሚረግፈው የሙዚየሙ ልስን

ከደቡብ ወሎ ደጋ የጻፉልኝ የአንድ ገጠር ሙዚየም ኮሚቴ አባል ችግራቸውን በዝርዝር ገልጸውልኛል። ሕንጻው በወጋግራና በማገር የቆመ፣ በጭቃ የተመረገ ነው፤ በአንድ ወገን የብራና መጻሕፍትና የዕደ ጥበብ ዕቃዎች የሚታዩበት ክፍል፣ በሌላው ወገን የአካባቢው ሰው የሚሰበሰብበት አዳራሽ አለው። ከሦስት ዓመት በፊት «ዘመናዊ ይሁን» ተብሎ ውስጡም ውጭውም በሲሚንቶ ተለስኖ የፕላስቲክ ቀለም ተቀብቷል፤ ዙሪያውንም ሊሾ ተደርጎበታል። አሁን ልስኑ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ እያበጠ ይረግፋል፤ የረገፈበት ቦታ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ የብራናው ክፍል ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ አዳራሹም ፀሐይ ሲበረታ በሙቀት አያስቀምጥም። ጥያቄያቸው «ሲሚንቶውን አብዝተን እንደገና እንለስነው ወይስ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው?» የሚል ነው።

ሁለቱንም አያድርጉ። እንደ ጥርጣሬዬ ግድግዳው ከሥር ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣውን የሚያስወጣበት መንገድ ግን በሲሚንቶው ተዘግቶበታል። ጣራው የሚያፈስ ቢሆን ኖሮ እድፉ ከላይ ወደ ታች በወረደ ነበር። ጉዳቱ ከወለል ተነሥቶ ጉልበት ላይ መቆሙና ነጩ ዱቄት መታየቱ የሚመሰክሩት ከመሬት ስለሚወጣ እርጥበት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰጋኝ ግን ወጋግራው ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ጣራውን የተሸከሙት እንጨቶቹ ናቸው፤ እርጥበትና ምስጥ ደግሞ እንጨቱን የሚበሉት ከሥሩ፣ ልስኑ በሸፈነው በኩል ነው። ላይ ላዩን ጠንካራ የሚመስለው ሲሚንቶ የበሰበሰ እንጨት ይዞ ሊቆም ይችላል፤ ሲሚንቶው የተነሣ ዕለት የሚሆነውን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ጣራውን ከውስጥ ሳይደግፉ ልስኑን በመሮ አይንኩ። ወፍራም አጣና በጣውላ ላይ አቁመው የጣራውን ወራጆች በየሁለት ሜትሩ ይደግፉ፤ ድጋፉ እስኪቆምና ወጋግራው እስኪመረመር ድረስም በአዳራሹ ስብሰባ አይደረግ። ምርመራው ቀላል ነው፦ ልስኑ አስቀድሞ በረገፈበት ቦታ ረጅም ሚስማር ወደ እንጨቱ ይግፉ። በመዶሻ ሳይመታ በእጅ ግፊት ብቻ ከገባ እንጨቱ አልቋል።

ነገሩን ከሥሩ ካልተረዱት ሌላ ባለሙያ መጥቶ መልሶ ስለሚያሳምንዎ፣ ውኃው እንዴት እንደሚወጣ ላስረዳ። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ፣ የአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ውኃን ከመሬት ወደ ላይ ይስባሉ። ጭቃው ክፍት ሳለ ውኃው ጥቂት ስንዝር እንደ ወጣ ነፋስና ፀሐይ ያደርቁታል፤ የሚወጣውና የሚተነው ይመጣጠኑና ግድግዳው ደኅና ሆኖ ይኖራል። በሲሚንቶና በፕላስቲክ ቀለም ሲሸፈን ግን መትነኛ ያጣው ውኃ መውጫ ፍለጋ ከፍ ይላል፤ ዙሪያው ሊሾ ሲሆን ደግሞ ቀድሞ በመሬቱ ገጽ ይተን የነበረው ሁሉ ወደ ግድግዳው ይገፋል። ውኃው ብቻውን አይጓዝም፤ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። በልስኑ ስንጥቅ በኩል ሲተን ጨውን ከልስኑ ጀርባ ጥሎት ይሄዳል፤ ጨውም በየጊዜው ሲረጋና ሲያድግ ልስኑን ከጭቃው ፈንቅሎ ያነሣዋል። ያዩት ነጭ ዱቄት ይኸው ነው። በዚህ ላይ ጭቃ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ ግትሩ ሲሚንቶ አብሮት መንቀሳቀስ ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም የዝናብ ውኃ ይገባል፤ የገባው አይወጣም። ሲሚንቶውን ማብዛት ይህንኑ ማባባስ ነው። የጎንደር ነገሥታት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግንቦቻቸውን ያሠሩት በድንጋይና በኖራ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በጥገና ስም የገባባቸው ሲሚንቶ ግን ኋላ ላይ እየተነሣ በኖራ መተካት አስፈልጎታል።

ወደ ሥራው እንግባ። ድጋፉ ከቆመ በኋላ መጀመሪያ ውኃውን ከሕንጻው ያርቁ። ግድግዳውን የነካውን ሊሾ ቢያንስ በግማሽ ሜትር ስፋት አንሥተው በጠጠር ይሙሉት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መሬት በየሜትሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ እንዲሄድ አድርገው ውኃውን በቦይ ያውጡት። ከመሠረቱ ጠርዝ በታች ግን አይቆፍሩ። የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። አሸንዳችሁ በሁለተኛው ክረምት እንደ ተበሳ ጽፈዋል፤ አልደነቀኝም። ገበያውን የሞላው በጣት ሲጫኑት የሚጎዳጎድ ስስ ላሜራ ነው፤ ርካሽ እየተባለ ይገዛል፣ ዝጎ ይበሳል፣ ከዚያም የአንድ ጣራ ውኃ በሙሉ አንድ ማዕዘን ላይ ሲወርድ ይከርማል። እንዲህ ካለው አሸንዳ ይልቅ ያለ አሸንዳ ሰፊ ክፈፍና ከሥሩ የጠጠር ንጣፍ ይሻላል።

ቀጥሎ ሲሚንቶውን ከታች ወደ ላይ፣ አንድ ክንድ ያህል ስፋት እየያዙ ያንሡ። የበሰበሰ ወጋግራ ሲገኝ ጣራው መደገፉን ዳግም አረጋግጠው፣ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ሳይነኩ፣ የታመመውን ሥር ቆርጠው በድንጋይ መቀመጫ ላይ ያሳርፉት። ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ፣ ሥሩ ላይ ኮንክሪት አፍስሶበት መሄዱን ነግረውኛል፤ ኮንክሪቱ ውኃ የሚቋጥር ገንዳ ሆኖ እንጨቱን ስለሚያበሰብስ አውጥተው ይጣሉት።

ግድግዳው አንድ በጋ ያህል ክፍት ሆኖ ይድረቅ፤ የሚወጣውን ጨው በደረቅ መጥረጊያ እያራገፉ ከሕንጻው ያርቁት እንጂ በውኃ አይጠቡት። ከዚያ በቀይ አፈርና በጤፍ ጭድ በደንብ ቦክቶ በከረመ ጭቃ ይመረግ። ውጭውን አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ በሆነ ልስን በስሱ ደርበው፣ ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ከፀሐይ ይጠብቁት። ኖራ ዓይን ያጠፋልና ሠራተኛው መነጽርና ጓንት ይልበስ። ለብራናው ክፍል ቀጭን የኖራ ቅብ ይበቃል፤ የፕላስቲክ ቀለም ግን በምንም ዓይነት አይመለስ።

የአዳራሹን ሙቀት በተመለከተ፣ በቡርኪና ፋሶ የጋንዶ መንደር አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በ2001 እ.ኤ.አ. የሠራውን ትምህርት ቤት እንደ አብነት ይውሰዱ፤ ቆርቆሮው ከኮርኒሱ በላይ ከፍ ብሎ ስለ ተነሣ ነፋስ በመካከላቸው ያልፋል። እናንተም ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አበጁና በሁለቱ ጫፎች ከግድግዳው በላይ በወንፊት ሽቦ የተከለለ መተንፈሻ ተዉ።

ብራናዎቹን አሁኑኑ ወደ ደረቅ ክፍል ያዛውሯቸው፤ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ይራባል። ሥራው ሲያልቅ ቁም ሣጥኖቹን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቋቸው። ብራናዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ግን አንድ የላስቲክ ቁራጭ በጣውላ አስደግፈው በግድግዳው ሥር ያሳድሩ፤ ጠዋት ከላስቲኩ ጀርባ ጠብታ ካለ ግድግዳው ገና ነው። የጣራው ድጋፍም የሚነሣው የመጨረሻው ወጋግራ በድንጋይ መቀመጫው ላይ ካረፈና በሚስማር ዳግም ከተፈተነ በኋላ ብቻ ነው።