የዱካቲ ታይሚንግ ቺንጋ፦ ያለ መለኪያ መሣሪያ ለምትወጥር ሰው

ወንድሜ፣ የጠየቅከው በሲሊንደር ሁለት ቫልቭ ያለውን የሞንስተር ሞተርሳይክልህን ሁለት ታይሚንግ ቺንጋዎች (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ካም ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያዞሩትን ባለ ጥርስ ቺንጋዎች) ቤት ቀይረህ ያለ ልዩ መሣሪያ በትክክል መወጠር ትችል እንደሆነ ነው። ትችላለህ። ማውጣትና መግጠሙ ከባድ አይደለም። ነገሩ የሚበላሸው ውጥረቱ ላይ ነው፣ በተለይ «ጠበቅ ይበል» በሚል እጅ።

1. ሞተሩ አድሮ የቀዘቀዘ ይሁን። ሲሊንደሩና ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) አሉሚኒየም ስለሆኑ ሲሞቁ ይረዝማሉ፣ ቺንጋው ግን እንደ እነሱ አይረዝምም፤ ውጥረቱ ይጨምራል። በሞቀ ሞተር ላይ የተለካ ቁጥር የትም አያደርስህም።

2. ሁለቱንም ካንዴላ ፍታ፣ የኋላ ጎማውን በማቆሚያ አንሳ፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገባና ጎማውን ወደፊት እያዞርክ አግድም ሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን ጫፍ ላይ (ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ መጨረሻው ላይ የሚደርስበት ቦታ) አምጣው። የታችኛው ፑሌጃና የካሞቹ ፑሌጃዎች ምልክት ከየመስመራቸው ጋር መግጠም አለበት። አሮጌው ሳይወጣ ጥርሱንና ፑሌጃውን በነጭ ቀለም ምልክት አድርግባቸው፣ ጥርስ ቆጥረህም ምልክቱን ወደ አዲሱ አዛውር። ቫልቭና ፒስተን የሚገናኙበት ሞተር ስለሆነ ይህን አትዝለል። የካም ፑሌጃውን ዳዶ ግን አትንካው፤ ቺንጋ ለመቀየር አያስፈልግም።

3. ቺንጋዎቹ ሲወጡ ሮለሮቹን (በየቺንጋው አንዱ ቋሚ፣ ሌላው ውጥረት ማስተካከያ) በጣትህ አሽከርክር። አሸዋ የገባበት ዓይነት ድምፅ ያለው ወይም የሚንገጫገጭ ካለ ኩሽኔታው አልቋል፣ ሮለሩን ቀይረው። አዲሱን ቺንጋ አትጠምዝዘው፣ አትጠፈው፣ ዘይት አይንካው። ስትገጥም ከታችኛው ፑሌጃ ጀምር፤ ማስተካከያ ሮለር በሌለበት በኩል ወጥሮ ይሂድ፣ ልሉ ሁሉ ማስተካከያው ጋ ይሰብሰብ።

4. ውጥረቱ። «በሁለት ጣት ያዝና 90 ዲግሪ ጠምዝዘው» የሚልህን ሰው አትስማ። ያ የመኪና ጋራዥ ልማድ ነው፤ እዚህ ሲደረግ ቺንጋው ከመጠን በላይ ይወጠራል፣ ካሙንና ኩሽኔታዎቹን ይጫናል። ከላላ ደግሞ ጥርስ ይዘላል። መሣሪያ ከሌለህ ሁለት ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን) ቁልፍ ይበቃል፦ በቺንጋውና በቋሚው ሮለር መካከል የ5 ሚሊ ሜትሩ ነካ እያደረገ ይለፍ፣ የ6ቱ አይለፍ።

ከዚያ የተሻለው ስልክህ ነው። ድምፅ በኸርዝ የሚለካ መተግበሪያ ጫን፣ ማይኩን ረጅሙ ነፃ ክፍል አጠገብ ያዝና ቺንጋውን እንደ ክራር ክር ምታው። በብዙዎቹ ባለ ሁለት ቫልቭ ሞተሮች ለአዲስ ቺንጋ የሚፈለገው 110 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሞዴልህ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ ግን እሱን ያዝ። ደጋግመህ ምታ፤ 55 ወይም 220 ብቻውን ብቅ ካለ ስልኩ የሳተው ንባብ ነው። ደግሞ «120 ቢሆን ምን ችግር አለው?» አትበል። ውጥረት የሚያድገው በኸርዙ ካሬ ስለሆነ ከ110 ወደ 120 ማለት 19 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጭነት ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፦ ልክ 110 አምጥቶ የማስተካከያውን ቡሎኖች ሲያጠብቅ ሮለሩ ከቡሎኑ ጋር ትንሽ ይዞራል፣ ቁጥሩም 118 ይሆናል። ሳይለካ ሽፋኑን ይገጥማል፣ ከዚያ «ቺንጋው መጥፎ ነው» ይላል። ሮለሩን በአንድ እጅህ ገፍተህ ያዝ፣ ቡሎኖቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ፣ ሙሉ በሙሉ ከጠበቁ በኋላ እንደገና ለካ። ክሩ አሉሚኒየም ውስጥ ስለሆነ የመጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ ጨርስ።

እያንዳንዱን ቺንጋ የራሱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ጫፍ ላይ ሆኖ ለካው፤ ያኔ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ስለሆኑ ካሙ አይጎትትም። ከአግድሙ ወደ ቁሙ ለመድረስ ክራንክሻፍቱን 270 ዲግሪ ወደፊት ማዞር ነው። ሲያልቅ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅህ አዙርና ምልክቶቹን እይ። የሆነ ቦታ ድርቅ ብሎ ከቆመብህ በጉልበት አታሳልፈው፣ ቫልቭ ፒስተን ነክቷል።

የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ በቀዝቃዛ ሞተር አንዴ እይ። ያገለገለ ቺንጋ ዝቅ ያለ ቁጥር ያነባል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ወደ አዲሱ ቁጥር አትመልሰው፤ መመሪያው ላገለገለ ቺንጋ ከሰጠው ገደብ በታች ከወረደ ብቻ አስተካክል።